ባሌን ሲጋራ ያስተወው ደብዳቤ

ባሌ ሲጋራ የተወው በሌላ ሴት ደብዳቤ ነው። ይህን ስናገር ሰዎች ይስቃሉ። "ዋናው መተዉ ነው፤ በማን ቢሆን ምን አገባሽ?" ይሉኛል። ያገባኛል እንጂ! ከሠላሳ ዓመት በላይ የለመንኩት እኔ፣ ልብሱን ሳጥብ ከኪሱ የተበተነ ትምባሆ ያራገፍኩት እኔ፣ ሲያስል ጀርባውን መታ መታ ያደረግኩት እኔ። እሷ የጻፈችው አንድ ገጽ ነው። እንዲያውም ገጹ አልሞላም።

ነገሩን የሚያከፋው ደግሞ ደብዳቤ የእኔ ሙያ መሆኑ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ አሰላ ውስጥ በአንድ የግብርና መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ኃላፊዎች መጡ፣ ሄዱ፤ እኔ ወንበሬ ላይ ነበርኩ። ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ምን ሊሉ እንደፈለጉ ይገባኝ ነበር። ስድብ የሚመስል ነገር ይነግሩኛል፤ እኔ "አሠራሩን ያልተከተለ ሆኖ አግኝተነዋል" ብዬ አሳምሬ አወጣዋለሁ። ማሳሰቢያ በሉት፣ የምስጋና ወረቀት በሉት፣ የኀዘን መግለጫ በሉት፣ ያልጻፍኩት የለም። ዛሬም የጎረቤት ልጅ ሥራ ሲፈልግ ማመልከቻውን የሚያስጽፈው እኔ ዘንድ መጥቶ ነው። ታዲያ በገዛ ቤቴ ጉዳይ፣ በገዛ ሙያዬ ስበለጥ እንዴት አልቀና?

ባሌ እዚያው መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። ጢቾ፣ ጮሌ፣ ኦጎልቾ፣ ዘርና ማዳበሪያ ጭኖ ያልሄደበት መንገድ የለም። መኪናው ጭቃ ውስጥ ሲቀረቀር፣ ጎታች እስኪመጣ ድረስ ብቻውን ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ፣ ሲጋራ ጓደኛው ሆነች። ጡረታ ሲወጣ መኪናውን አስረከበ፤ ሲጋራውን ግን ይዞ ቤት ገባ። አሰላ ደግሞ ብርድ አገር ነው። ክረምት ላይ ጭጋጉ ከጭላሎ ተራራ ወርዶ ደጃፍ ሲቀመጥ በርና መስኮት ዘግተን ነው የምንውለው። እሱ ሳሎን ተቀምጦ ያጨሳል፣ እኔ አጠገቡ ሹራብ እሠራለሁ። "ውጣና አጭስ" ስለው "ብርዱ ይገድለኛል" ይለኛል። ሲጋራው እንደማይገድለው ማን እንደነገረው አላውቅም።

ካቻምና ሳሉ ሲብስበት እየጎተትኩ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሟ ልጃችን ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። ራጁን ብርሃን ላይ ይዛ አሳየችንና "አባባ፣ ዛሬ ካላቆሙ ከርሞ እዚህ በእግርዎ አይመጡም" አለችው። አመሰገናት፣ መረቃት፣ ከግቢው እንደወጣን አንዷን ለኮሰ። እኔ አጥሩ ሥር ቆሜ አለቀስኩ። "አታልቅሺ እንጂ፤ እቀንሳለሁ" አለኝ። እቀንሳለሁ የሚለውን ቃል ከሠርጋችን ማግስት ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ።

ያኔ ነው ዘዴ የቀየርኩት። ሰውየውን መለመን ካልሆነልኝ የሚያጨስበትን ቦታ አሳጣዋለሁ አልኩ። ውሎው የታወቀ ነው፤ ወይ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ሻይ ቤት ነው፣ ወይ የእድራችን አዳራሽ። ሰው ፊት መከልከልን ከለመደ ቤቱም ይከተላል ብዬ አሰብኩ። ሕጉም ከእኔ ጋር ነው፤ ሰው በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስ ክልክል መሆኑን አገር ያውቀዋል። ግን ሕጉ ያለው ወረቀት ላይ ነው፣ ሲጋራው ያለው አፍ ላይ።

መጀመሪያ ለሻይ ቤቱ ባለቤት ጻፍኩ። ሰውየው አንብቦ በጣም ተደሰተና ደብዳቤዬን ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ከሥሩ ካለው ጠረጴዛ ላይ ግን መተርኮሻውን አላነሳም።

ቀጥዬ ለእድሩ ጻፍኩ። "ጉዳዩ፦ በእድሩ አዳራሽና በኀዘን ድንኳን ውስጥ ሲጋራ ማጨስ እንዲከለከል ስለመጠየቅ" ይላል። "ከላይ በርዕሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው" ብዬ ጀምሬ "ለሚደረግልን ቀና ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን" ብዬ ዘጋሁት። ግልባጭ ለቀበሌው፣ ግልባጭ ለጤና ጣቢያው፣ ግልባጭ ለሴቶች እድር። ቁጭ ብዬ ደጋግሜ አነበብኩት፤ እንከን የለውም።

ችግሩ የእድሩ ዳኛ ማን ሆነና? ባሌ ነው። በእድራችን ደንብ ለእድሩ የሚጻፍ ደብዳቤ ሁሉ በወር ስብሰባ ላይ በዳኛው ድምፅ ይነበባል፤ ውሳኔ የሚሰጠው ወይም ለሌላ የሚመራው እሱ ነው። እናም ባሌ የሚስቱን ደብዳቤ ቆሞ አነበበ። ሲጨርስ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። "አይ ብዕር! አይ የድሮ ሰው!" አሉ ሽማግሌዎቹ። ከአድናቆታቸው ብዛት እዚያው ሲጋራ የለኮሱም ነበሩ። ባሌ እስክሪብቶውን አወጣና ኅዳጉ ላይ "ለሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ፤ ታይቶ አስተያየት ይቅረብበት" ብሎ መራው፣ ፈረመበት። ቤት ገብተን እራት ስንበላ "ምን አደረጋችሁልኝ?" ብዬ ብጠይቀው ዓይኑን ሳያሽ "ጉዳይሽ በሂደት ላይ ነው" አለኝ።

ደግሜ ጻፍኩ፣ ሠልሼ ጻፍኩ። በጻፍኩ ቁጥር ይነበባል፣ ይጨበጨባል፣ ይመራል። ግልባጭ የደረሳቸውም ማኅተም እየመቱ አስቀመጡት። ግልባጭ የደረሰው ሰው ሌላው እየሠራው ነው ብሎ ይተኛል፤ ይህን በሥራ ዘመኔ ሳውቀው ኖሬያለሁ። ቢሆንም ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ ለእኔ ነጠላ ሳይለብሱ ለቅሶ እንደመድረስ ነው። እጄ እምቢ ይለኛል።

እሷ የመጣችው በዚህ መሃል ነው። ባሏ ሞቶባት ከጢቾ አሰላ ገባችና ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት ከፈተች። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ የሞባይል ካርድና ማስቲካም ትሸጣለች። ከእኔ ብዙ ታንሳለች። ቆንጆ ናት፤ መዋሸት አልችልም። የምትለብሰው ጥቁር ነው፤ ጥቁሩም ያምርባታል። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እንደ ውኃ ጠጥታዋለች። እኔ ኦሮምኛን ገበያ ላይ እከራከርበታለሁ እንጂ ጽፌበት አላውቅም። "አዴ" እያለች ነው የምትጠራኝ፤ በእኛ አካባቢ ኦሮምኛ ታላቅ ሴት በአክብሮት የምትጠራበት ነው። መጀመሪያ ላይ ወድጃት ነበር።

አንድ ቀን ደብዳቤዬን ላስባዛ ሄድኩ። ወረቀቱን ማሽኑ ላይ ከማድረጓ በፊት ቆማ አነበበችው።

"አዴ፣ እንዴት ያምራል!" አለችኝ። "ግን የታመመው ማን ነው?"

"የምን የታመመ?"

"እዚህ ውስጥ እኮ የታመመ ሰው የለም።"

"ልጄ፣ ይህ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው እንጂ የሕመም ፈቃድ አይደለም" አልኳት።

ሳቀች። ከዚያ ወረቀቶቹን አስተካክላ እየሰጠችኝ "እኔም አንድ ልሞክር እንዴ? እድሩ ውስጥ ገብቻለሁ እኮ" አለች።

"ሞክሪ" አልኩ። ለምን እምቢ እላለሁ? ንቄያት ነበር። ፊት ከወጣ ጆሮ ኋላ የወጣ ቀንድ በለጠ የሚለው ተረት በእኔ የሚደርስ አልመሰለኝም።

በወሩ ስብሰባ ላይ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ እኛ ሴቶቹ በሌላ ወገን ተቀምጠናል። ጣሪያው ሥር ጭሱ እንደተለመደው ተንጠልጥሏል። ባሌ ሲጋራውን በግራ እጁ ይዞ ደብዳቤዋን በቀኝ እጁ ተቀበላት። ከደብተር የተገነጠለ ሉክ ነው። ቁጥር የለው፣ ጉዳዩ የለው፣ ግልባጭ የለው። በልቤ "አለቀላት" አልኩ። እሱ ማንበብ ጀመረ።

"እኔ የሞተብኝ ባሌ ሲጋራ አጭሶ አያውቅም። ጢቾ ሻይ ቤት ነበረን። እሱ ሻይ ይቀዳል፣ ደንበኛው ያጨሳል። ገበያ እንዳይሸሸን ብለን ዝም አልን። ሳንባው ታሞ ሐኪሙ 'በቀን ስንት ፓኮ ያጨሳሉ?' ሲለው የተሰደበ መስሎት ተቆጣ። ሲሞት እነዚያው ደንበኞቻችን ለቅሶ መጡ። ድንኳኑ ውስጥ እያጨሱ አስተዛዘኑኝ፤ እኔን እያዩ ያለቅሱ ነበር። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ስላላወቁ ነው። እናንተ ግን ዛሬ ሰማችሁ።"

በቃ፤ ይኸው ነው። ማመስገኛ እንኳ የለውም።

ያጨበጨበ ሰው አልነበረም። ባሌ የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ካነበበ በኋላ እንደገና በከንፈሩ ብቻ አነበበው። እኔ ከሴቶቹ ወንበር ሆኜ ፊቱን እያየሁ ነው። ያንን ፊት አላውቀውም። የእኔን ደብዳቤዎች ሲያነብ ፊቱ የዜና አንባቢ ፊት ነበር። አሁን ግን መነጽሩን አወለቀ፣ ሲጋራውን አየው፣ ወጥቶ ደጃፉ ላይ በጫማው አጠፋውና ተመለሰ። ለኮሚቴ አልመራውም። "ተቃውሞ ያለው አለ?" አለ። ዙሪያውን አየና "እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ በአዳራሹም በድንኳኑም ውስጥ ሲጋራ የለም፤ ያጨሰ ይቀጣል። ቅጣቱ ከእኔ ይጀምር" አለ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ እየወጡ ሲጋራቸውን አጥፍተው ገቡ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ጎረቤቴ ጉልበቴን ጨብጣ "ተሳካልሽ!" አለችኝ። ምኑ ነው የተሳካልኝ?

እዚያ ቢያቆም ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ባሌ ቤትም አላጨሰም፣ በሦስተኛውም ቀን። ተቁነጠነጠ፣ ተነጫነጨ፣ ወጡ ጨው በዛው አለ፣ ግን አላጨሰም። ቆሎ ይቆረጥማል፣ ማስቲካ ያኝካል። ሳሉ እየለዘበ ሄደ። ሐኪሟ ዘንድ ተመልሰን ስንሄድ አዳመጠችውና "ጎበዝ አባባ!" አለችው። እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ከልቤ ነው ያመሰገንኩት፤ ሰው ባሏ ሲድንላት ያልተደሰተች እንዳይመስለው። ግን ከምስጋናው ሥር አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ። እኔ ስለምነው ያልሰማ ጆሮ ለእሷ እንዴት ተከፈተ?

ሰፈሩም አላሳረፈኝም። ገበያ ስወጣ "ያቺ የጢቾዋ ባልሽን አዳነችልሽ አሉ" ይሉኛል፤ ለቀባሪ ያረዱኛል። ማስቲካውንስ ከየት የሚገዛ ይመስላችኋል? በራችን ላይ ሱቅ አለ፤ አልፎት ይሄዳል። መታጠፊያው ላይ ሌላ ሱቅ አለ፤ እሱንም ያልፈዋል። ማዘጋጃ ቤቱ ድረስ ወርዶ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ይገዛል። "እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው" ይላል። ድሮ ከውጭ ሲገባ ሲጋራ አጭሷል ወይ ብዬ ነበር የማሸተው። አሁን ምን እንደምፈልግ ሳላውቅ አሸተዋለሁ።

ከዚያ የመናኸሪያው ነገር መጣ። የእድሩ ሰዎች በድላቸው ተበረታቱና "የመናኸሪያው መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ሕፃን ያዘለች እናት በጭስ ታፍና ነው መኪና የምትጠብቀው፤ ለከተማው አስተዳደር እንጻፍ" አሉ። አንድ ሽማግሌ ዞሮ ወደ እኔ አየ፤ የማን ሥራ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው። እኔም ነጠላዬን አስተካከልኩ። ባሌ ግን "በኦሮምኛ ቢጻፍ ቶሎ ይሄዳል፤ እሷ ትጻፈው" ብሎ በእጁ ወደዚያች አመለከተ። እውነቱን ነው፤ የቢሮው ቋንቋ ኦሮምኛ ነው። እውነት መሆኑ ይበልጥ አናደደኝ። ደግሞም "እሷ" ሲል አባባሉን ልብ ብያለሁ፤ ሠላሳ ዓመት የኖርኩበትን ድምፅ እኔ ካላወቅኩት ማን ያውቀዋል?

በማግስቱ ማስቲካ ሊገዛ ሲወጣ ተከተልኩት። በዚህ ዕድሜዬ! ካፊያ ነበር፤ ጃንጥላዬን ዝቅ አድርጌ ከባጃጆቹ መቆሚያ ጥግ ቆምኩ። አንዱ ባለ ባጃጅ "እማማ፣ ልውሰድዎት?" ሲለኝ "ሂድ ወዲያ፣ ሰው እጠብቃለሁ" አልኩት። ባሌ ሱቁ ውስጥ ለደንበኛ በተቀመጠችው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ማስቲካ ለመግዛት መቀመጥ ያስፈልጋል? እጁን እያወናጨፈ ያወራል። እኔ ጋ በቀን የሚናገረው ቃል በጣት የሚቆጠር ሰው ያወራል! ከዚያ መሐረቡን አውጥቶ ፊቱን ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ። በዚያ ብርድ ምን እንዳላበው ገረመኝ። እሷ ከባንኮኒው ኋላ ቆማ ራሷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጠዋለች። ዞሬ ቤቴ ገባሁ።

ጠዋት ላይ ገና ሱቋን ስትከፍት ደረስኩባት። መንገድ ላይ የምላትን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ የመሥሪያ ቤት ቋንቋም አይደለም። እሷ ግን ስታየኝ ፊቷ በራ።

"አዴ! እግዚአብሔር ነው ያመጣዎት። የመናኸሪያውን ደብዳቤ ጨርሻለሁ፤ ግን ያለ ርዕስ አይቀበሉኝም አሉ። አቀራረቡን እርስዎ ያሳዩኝ።"

ምን ላድርግ? ሙያ ነው፤ ሲጠሩት አቤት ይላል። አድራሻው ግራ፣ ቀኑ ቀኝ፣ ጉዳዩ መሃል፣ ከሥሩ ይሰመርበታል እያልኩ አሳየኋት። ለአፍታ ጉልበቴ የተመለሰ መሰለኝ። እንደጨረስን ግን አላስቻለኝም።

"ባሌ እዚህ ምን ያደርጋል?" አልኳት።

እሷ አልደነገጠችም። እንዲያውም አዘነችልኝ፤ ይህም አናደደኝ።

"ስለ እርስዎ ነው የሚያወራው እኮ፣ አዴ። የነገረዎት መስሎኝ!"

"ምን ብሎ?"

"'ሐኪሟ ትሞታለህ ስትለኝ አልፈራሁም፤ ሾፌር ሆኜ ስንት ገደል አይቻለሁ። ያንቺን ደብዳቤ ሳነብ ግን ያ ሻይ የሚቀዳው ሰውዬ ሚስቴን መሰለኝ። ዕድሜዋን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጣ የእኔን ጭስ ስትጠጣ ኖራለች። እሷ ቀድማኝ ብትሄድ እኔ ምን ሆኜ እቀራለሁ?' አለኝ። ትናንትም ይህንኑ እያነሳ አለቀሰ። እዚችው ወንበር ላይ።"

ወንበሯን አየኋት። ተራ የፕላስቲክ ወንበር ናት። ባሌ የገዛ እናቱ ሞታ ሰው ፊት አላለቀሰም፤ ድንኳን ጀርባ ሄዶ ሲያጨስ ነው የዋለው። የእሱን እንባ እኔ አይቼው አላውቅም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስም ብሎኛል፤ ቅናቱ ግን ደስታውን ቀደመው። ከወጣትነቴ ጀምሮ ልሰማው የፈለግኩትን ነገር ከእኔ በፊት የሰማችው እሷ ናት። እኔ አንዲት ቀን እንኳ እንደዚያ መወደዴን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ደብዳቤ ምን ያስጽፈኝ ነበር?

"እሺ ልጄ፤ ርዕሱን አስምሪበት" ብያት ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ሳሎን ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል። ነጠላዬን ሳላወልቅ ፊቱ ቆምኩ።

"ሲጋራ የተውከው ለምንድን ነው?"

"ተውኩት አይደል እንዴ? አሁን ምን አመጣው?"

"ለምን እንደሆነ ከአንተ አፍ መስማት እፈልጋለሁ።"

ቆሎውን ከእጁ ወደ ሳህኑ መለሰው። ከየት እንደመጣሁ ገባው መሰለኝ፣ ጆሮው ቀላ።

"እሷ ነግራሽ የለም እንዴ?" አለኝ።

"ነግራኛለች። አሁን አንተ ንገረኝ።"

አፉን ከፈተ። ዘጋው። መስኮቱን አየ፣ ወለሉን አየ፣ እኔን አየ። ሊናገር መፈለጉን አይቻለሁ፤ ያንን አልክደውም። ከዚያ ቀስ ብሎ "እሷ እንዴት ብላ ነገረችሽ?" አለኝ።

አጠገቡ ተቀመጥኩና ነገርኩት። ሾፌርነቱን፣ ገደሉን፣ ጭሱን፣ 'እሷ ቀድማኝ ብትሄድ' የሚለውን፣ ልጅቷ እንደነገረችኝ፣ አንዲት ቃል ሳልጥል። እሱ አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው ካዳመጠኝ በኋላ ራሱን ነቀነቀ።

"አዎ፣ እንደዚያ ነው" አለ።